ስምንት ቱቦ ብቻ

ሕዳር 9

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ፈይሩዝ ናት። «ቤት ውስጥ ከምትጮህብን እዚህ ላይ ጩህ» ብላ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችልኝ። ሚስት እንዲህ ካለች ምን ይባላል? እሺ፣ እጮሃለሁ።

ከሥራው ልጀምር። የምሠራው የደም ፓምፕ ነው። ልብ ሲደክም፣ ወይም ለቀዶ ጥገና እንዲቆም ሲደረግ፣ ልብን ተክቶ ደሙን የሚገፋ። መግፋቱማ ቀላል ነው፤ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ መርሳ የፍራፍሬ ማሳ ሁሉ ላይ ሞልቷል። ደም ግን ውሃ አይደለም። ውስጥ የሚሽከረከረው ክንፍ ሻካራ ከሆነ ቀይ ሴሎቹን ይቦጫጭቃቸዋል። ደሙ መተላለፊያ አጥቶ ጥግ ከያዘ ደግሞ ይረጋል፤ የረጋች ትንሽ ቁራጭ አንጎል ከደረሰች ሰውዬው አለቀለት።

ፈተናው ግልጽ ነው። የከብት ደም ፓምፑ ውስጥ ስድስት ሰዓት ይዞራል። ከዚያ በቱቦ ቀድተን ሆስፒታል ወስደን በሴንትሪፊዩጅ እናሽከረክረዋለን። ሴሎቹ ይዘቅጣሉ፣ ፕላዝማው ከላይ ይቀራል። እንደ ቀጭን ሻይ ቢጫ ከሆነ ደህና ነን። እንደ ቀይ ሥር ውሃ ከቀላ ፓምፑ ደሙን ፈጭቶታል ማለት ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ናስር በአንድ ጊዜ ስምንት ቱቦ ብቻ ነው የሚፈቅድልን። ስምንት! እንደ ስኳር ራሽን።

ጥር 20 ፓምፑን የሚያዩ ገምጋሚዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። አዲሱን ክንፍ፣ ሦስተኛውን፣ ነድፌ ጨርሻለሁ። ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ የሚያወጣው ደምሴ ነው፤ የዩኒቨርሲቲያችን ወርክሾፕ ቴክኒሺያን። ሃያ ሁለት ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሟል። ከጦርነቱ በኋላ ከሦስት ማሽን ፍርስራሽ አንድ ቶርኖ ገጣጥሞ አስነሣ እያሉ ያወሩለታል። እሱም ሲወራለት ዝም ብሎ ይሰማል። ይህ ዝምታው ነው የሚያናድደኝ።

ሕዳር 14

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። የክርስቲያኑ እርድ እስከ ገና ቆመ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ደሙን የምናመጣው እዚሁ ወልድያ ደምሴ ከሚያውቀው አራጅ ነበር፤ ጀሪካኑን ይዞ በሬው አንገት ሥር የሚቆመው ደምሴ ራሱ ነው። ዛሬ በአሮጌው ክንፍ የመጨረሻውን ሙከራ አደረግን። ፕላዝማው ጥርት ያለ ቢጫ።

ዘነበች፣ የጽዳት ሠራተኛችን፣ ሁለት ቱቦ በቧንቧ ውሃ አጥባ አስቀምጣ አገኘኋት። ጮህኩባት። ውሃ ለደም መርዝ ነው፤ ሴሎቹ ውሃ ሲነካቸው እንደ ተነከረ ባቄላ ያብጡና ይፈነዳሉ። ማጠብ በሳላይን፣ በጨው ውሃው ብቻ፣ ከዚያም ማድረቅ። በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። «መምህር፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጽዱ ይሁን ብዬ ነው» አለች። ጽዱ ይሁን ብዬ! ስንቱ ነገር በዚህ ቃል ተበላሽቷል።

ሕዳር 19

መርሳ ሄጄ አጎቴን ኡበይደላን ለመንኳቸው። አራጅ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ቢላዋ ይዘዋል። ደም መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። «ደም እኮ ነጃሳ ነው፣ ርኩስ ነው ልጄ» አሉኝ። «መሬት ይጠጣዋል እንጂ በዕቃ አይያዝም።» ለምን እንደምፈልገው አስረዳኋቸው። «ይቺ ነገር ያኔ ብትኖር ለአሚና ትሆን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

አሚና ልጃቸው ናት። የልቧ በር ተበላሽቶ አዲስ አበባ ተራ ስትጠብቅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሞተች። «ምናልባት» አልኳቸው። «እንግዲያስ እይዝልሃለሁ፣ ወላሂ እንደ አማና፣ እንደ አደራ ነው የምይዘው» አሉ።

ሰው ሁሉ ለአሚና ብለህ ነው የምትሠራው ይለኛል። አይደለም። የጀመርኩት ከሞቷ በፊት ነው። እሷ ራሷ ታውቅ ነበር። «ቶሎ ጨርሰው እንጂ» ብላ ስቃብኛለች።

ጀሪካኑን በሳላይን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት ልኩን ጨምሬበት ሰጠኋቸው። እርዱ ጎህ ሲቀድ ስለሆነ ዋዜማውን በሚኒባስ እልክላቸዋለሁ፤ ጠዋት ደሙ በበረዶ ሳጥን ይመጣልኛል።

ሕዳር 23

ቀይ።

ሦስተኛው ክንፍ፣ የመጀመሪያ ሙከራ፣ ስምንቱም ቱቦ ቀይ።

ደምሴ ከጎኔ ቆሞ «ዜሮውን አልወሰድንም» አለ። ፓምፑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚቀዳውን ናሙና ማለቱ ነው። በጥቅምት እንወስድ ነበር፤ ሁሌም ቢጫ ስለሆነ አቆምኩት። ስምንት ቱቦ ብቻ ነው ያለኝ፤ አንዱን ለማውቀው ነገር አላባክንም። ይህንኑ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን አይሆንም ማለቱ አልገባኝም።

ሕዳር 27

ሁለተኛ ሙከራ። ቀይ ብቻ አይደለም፤ ፓምፑን ስንፈታው ዘንጉ ሥር የረጋ ደም ተገኘ። ሽንብራ የምታህል።

ሁለቱ የሚፈሩ ነገሮች አንድ ላይ። ይህ የሻካራ ክንፍ ምልክት ነው፣ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም። የኔ ንድፍ አሮጌውን ይበልጣል፤ ኮምፒውተሩ ላይ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ችግሩ ያለው ከወረቀቱ ወደ ብረቱ ሲሄድ መሐል ላይ ነው። መሐል ላይ ያለው ማን ነው?

ደምሴን ጠርቼ ጠየቅኩት። ክንፉን ጨርቅ ላይ አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ጥፍር ከጫፍ ጫፍ ሄደበት። «ጥፍር አያስይዝም ጁነይድ። አንተ ራስህ ሞክረው።»

አልሞከርኩም። ሴል የሚያየውን ጥፍር አያየውም።

ታኅሣሥ 2

መንገድ ዝግ ነው። ሚኒባሶቹ መናኸሪያ ቆመዋል። ደም የለም፣ ሥራ የለም። ደምሴን ክንፉን እንደገና እንዲያለሰልስ አዘዝኩት። «የለሰለሰውን?» አለኝ። አዎ፣ የለሰለሰውን።

ታኅሣሥ 5

መንገዱ ሲከፈት መርሳ ሄድኩ፤ አጎቴን ላመሰግን። እንዴት ያሉ ሰው ናቸው! እንዲህ አሉኝ፦ «ያችን ጀሪካን ሰው እጅ የቆየች ናት ብዬ መድኃኒትህን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ እገለብጥና፣ ሦስት ጊዜ በደንብ አጥቤያት፣ መድኃኒቱን መልሼ ነው ቢስሚላህ የምለው። የአሚና ሥራ ነው ብዬ ጠሃራዋን፣ ንጽሕናዋን አላጎድልም።»

በተመለስኩበት መንገድ ሁሉ ይህን እያሰብኩ ነበር። አንድ ያልተማረ አራጅ ለአንዲት ጀሪካን ይህን ያህል ሲጠነቀቅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ደሞዝ የበላ ቴክኒሺያን አንዲት ክንፍ ማለስለስ ያቅተዋል! ለደምሴ ሰው እንዲህ ነው ብዬ ልነግረው ነበር። ንዴቴ ስለባሰ ተውኩት።

ታኅሣሥ 8

ሦስተኛ ሙከራ። ከሁሉም የባሰ።

ተጣላን። ልጽፈው አልፈለግኩም ነበር፤ ግን ፈይሩዝ ፊቴን አይታ «ደብተርህ የት አለ?» ብላ አባረረችኝ።

እንዲህ ነው የሆነው። ቱቦዎቹን ሳይ ደሜ ፈላ። «ጋሽ ደምሴ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል እንዴ?» አልኩት። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ክንፍ ማለስለስ ይቻላል? ባዶ ሆድ እጅ ያንቀጠቅጣል።»

ጨርቁን አስቀመጠና እጁን ፊቴ ዘረጋው። አልተንቀጠቀጠም። «ጾሜን ተወው» አለኝ። «ረመዳን ላይ አንተ ስትነድፍ እጅህን ማን አየው?»

ድምፄን ጨመርኩ። ሲታገሠኝ ቆየና «ና እስቲ አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ወደ ማቀዝቀዣው ዞረ። «የተስተካከለ ክንፍ ያሳዩኝ፣ ሌላ ምንም ማየት አልፈልግም» አልኩት። በሩን ሳይከፍተው ተመለሰ።

የረመዳኑን ነገር ባያነሣው ይሻል ነበር። ልክ ስለሆነ አይደለም። አግባብ ስላልሆነ ነው።

ታኅሣሥ 12

ሻይ ቤት ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጬ ሳለ አንዱ መምህር «ጁነይድ ፓምፑን ትቶ ደምሴን እየፈጨ ነው» ሲል ሰማሁት። ሳቁ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ይሳቁ።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ማህሌት ጠራችኝ። የደምሴ ኮንትራት ታኅሣሥ 22 ያልቃል፤ የሚታደሰው በኔ የሥራ ምዘና ነው። «እውነቱን ጻፍ» አለችኝ። «ሌላ አልጠይቅህም።»

ታኅሣሥ 16

ጻፍኩት። አራት ጊዜ ቀድጄ አምስተኛው ላይ እንዲህ አለ፦ «የአቶ ደምሴ የእጅ ሥራ ጥራት ለዚህ ሥራ ከሚፈለገው በታች ሆኗል። ሦስት ተከታታይ ሙከራዎች በዚህ ምክንያት ከሽፈዋል።» ፈረምኩ፣ ማህተም ተመታበት።

ትክክል ነው። ሦስት ሙከራ፣ ሃያ አራት ቱቦ፣ ሁሉም ቀይ። ቁጥር አይዋሽም። የሰውዬው ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ብትገባ እኔ አላስገባኋትም። ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ፤ ምናልባት ከእራቱ ነው።

ታኅሣሥ 17

ትክክል ነው።

ታኅሣሥ 22

ደምሴ ቁልፉን አስረከበኝ። የቶርኖ ቢላዎቹን ዘይት ቀብቶ፣ በየመጠናቸው ደርድሮ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሄደው። እንዲህ ማድረጉ ለኔ መልእክት መሆኑ ነው መሰለኝ።

«መምህር፣ ማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያ ላይ ጥቂት ብልቃጦች አሉ። ከመጣልዎ በፊት ይዩዋቸው» አለኝ።

እርስዎ አለኝ። ስምንት ዓመት አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው። እንዲያውም ሥራ የገባሁ ቀን ጆሮዬን ይዞ የቶርኖ አጀማመር ያስተማረኝ ሰው።

ዘነበች በር ላይ ቆማ አለቀሰች። ምን አስለቀሳት? ስለ ክንፍ እሷ ምን ታውቃለች?

ታኅሣሥ 26

ዛሬ ላሳያቸው ነበር። ከመርሳ ደም አስመጥቼ፣ ሦስተኛውን አውጥቼ አሮጌውን ክንፍ መለስኩት፤ ሕዳር 14 ጥርት ያለ ቢጫ የሰጠኝን። ቢጫ ሲወጣ ቱቦውን ይዤ ማህሌት ቢሮ ልገባ፣ ሻይ ቤትም ላልፍበት።

ቀይ ወጣ።

አሮጌው ክንፍ። ደምሴ ያልነካው። ማለት በጥቅምት ከሠራው ወዲህ ያልነካው።

ከመሄዱ በፊት ዘንጉን አበላሽቶብኛል። እንዲህ ነው የሚሆነው። ሰው ሲባረር የማያደርገው የለም። ዘንጉን ፈታሁት፣ በማይክሮሜትር ለካሁት። ልክ ነው። እንደገና ለካሁት። ልክ ነው።

ታኅሣሥ 27

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከዘነበች ምሳ ዕቃ ጀርባ፣ የፔኒሲሊን ብልቃጦች ተደርድረዋል። ከጤና ጣቢያ ለምኖ ያመጣቸው ይሆናል። ቱቦ ስለከለከልኩት። በነጭ ፕላስተር ላይ በዚያ በተስተካከለ የቶርኖ ሠራተኛ ጽሕፈቱ ተጽፎባቸዋል፦ «ዜሮ፣ ሕዳር 14»፤ «ዜሮ፣ ሕዳር 23»፤ «ዜሮ፣ ሕዳር 27»፤ «ዜሮ፣ ታኅሣሥ 8»። ፓምፑ ውስጥ ከመፍሰሱ በፊት፣ እኔ ጀርባዬን ስሰጥ፣ ከየጀሪካኑ ጥቂት ጥቂት ቀድቷል።

ደም ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሴሎቹ ራሳቸው ይዘቅጣሉ፤ ሴንትሪፊዩጅም፣ ናስርም፣ ስምንት ቱቦም አያስፈልግም። ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየኋቸው። የሕዳር 14ቱ ከላይ ቢጫ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ቀይ ናቸው። አርጅቶ ነው እንዳልል አሮጌው ነው የጠራው፣ አዲሶቹ ናቸው የቀሉት።

ደሙ ክንፌን ከማየቱ በፊት ቀልቶ ነበር። ከመርሳ ሲመጣ ቀይ ነበር።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ፊት ለፊቴ ነው። በቧንቧ ውሃ ማጠብ ክልክል ነው። ለዘነበች ነግሬያለሁ። ለተማሪ ሁሉ ነግሬያለሁ። ለአጎቴ አልነገርኩም። ሦስት ጊዜ በደንብ አጥቤያት ያሉኝን ግን ታኅሣሥ 5 በገዛ እጄ እዚሁ ጽፌዋለሁ፤ እያደነቅኩ። ውሃው ሴሎቹን አፈነዳ፣ መድኃኒቱም ከሃይላንድ ሲመላለስ ጎድሎ ደሙን አረጋው። አዋቂ ነኝ ባይ! ደንቆሮ ነኝ። ደምሴ አንድ ነገር ላሳይህ ሲለኝ እስከ ማቀዝቀዣው አራት እርምጃ ነበር የቀረኝ።

ፈይሩዝ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ደብተሩን ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 28

የገና ዋዜማ። ትናንት ማታውኑ መርሳ ወርጄ አድሬ፣ ጎህ ሲቀድ ከአጎቴ ጋር ቄራ ሄድኩ። ቆሜ አየኋቸው። መድኃኒቱን ወደ ሃይላንድ ገለበጡ፤ ጥቂት መሬት ላይ ፈሰሰ። ጀሪካኑን ሦስት ጊዜ አጠቡት፣ ነቀነቁት፣ ደፉት። ከውስጥ ግድግዳው ላይ ውሃው ተንጠባጥቦ ቀርቷል፤ ከታችም አንድ ስኒ የሚሆን አቁሯል። ከዚያ መድኃኒቱን መለሱበት።

«አጎቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ አይጠቡት» አልኳቸው። «ደረቅ ሌላ ይዣለሁ።»

«ሳላጥብ? ደም በነካው ዕቃ ላይ ቢስሚላህ ልበል?»

«ይቺ አዲስ ናት፣ ደም አልነካትም። ለየጊዜው አዲስ አመጣለሁ። ጠሃራውን ለኔ ይተዉልኝ።»

ቢላዋቸውን ይዘው አዩኝ። «ጁነይድ፣ እስከ ዛሬ ያጠብኩት አበላሸብህ እንዴ? የአሚናን ሥራ አበላሸሁ?»

«የለም አጎቴ» አልኩ። «ምንም አላበላሸም።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ በሬው ዞሩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ይህን ውሸት ሺህ ጊዜ ብጠየቅ ሺህ ጊዜ እዋሸዋለሁ።

ጥር 1

የደምሴ ክንፍ፣ ሦስተኛው። ደረቅ ጀሪካን። ዜሮውን ወሰድኩ፤ ቢጫ። ስድስት ሰዓት አዞርኩ። ሰባቱም ቱቦ ቢጫ። ፓምፑን ፈታሁት፤ አንዲት የረጋች ነገር የለችም።

ክንፉ ላይ ጥፍሬን አሳለፍኩ። አያስይዝም።

ጥር 4

ለማህሌት ሁለተኛ ደብዳቤ አስገባሁ። ስለ አጎቴ አልጻፍኩም፤ ያልተነገራቸው ሰው ምን ያጠፋሉ? እንዲህ ነው ያልኩት፦ «ከፓምፑ በፊት የሚወሰደው የደም ናሙና እንዲቀር ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አቶ ደምሴ ስህተቱን አሳውቀውኝ አልሰማኋቸውም። የእጃቸው ሥራ እንከን የለውም። የቀድሞው ምዘናዬ ሐሰት ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይሄ አንተን ያበላሽሃል» አለች። «ሐሰት የሚለውን ስህተት በለው።»

«ሐሰት ይሁን» አልኩ።

«ቦታው እኮ ለሌላ ተሰጥቷል። ሰው አንዴ ከተሰናበተ በደብዳቤ አይመለስም፤ እጠይቃለሁ ግን አትጠብቅ።» ከዚያ ቀና ብላ «እውነቱን ጻፍ ብዬህ ነበር» አለችኝ።

ጥር 6

ጋሽ ደምሴን አገኘኋቸው። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ቶርኖ ቤት ውስጥ የወፍጮ ዘንግ እያወጡ ነበር። ማሽኑን አላጠፉትም፤ በጩኸቱ ላይ መጮህ ነበረብኝ። መጮህ የማውቀው ሥራ ነበር፤ ዛሬ ግን ተጠግቼ ጎንበስ አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ብልቃጦቹን፣ ጀሪካኑን፣ ደብዳቤውን። ዓይናቸውን ከብረቱ ላይ አላነሡም። ስጨርስ ማሽኑን አጠፉና ዘንጉን በጨርቅ ጠረጉት።

«ሽማግሌው አወቁ? አጎትህ?»

አንተ አሉኝ። «አልነገርኳቸውም» አልኩ።

«አትንገራቸው። ልጃቸውን ቀብረዋል።» ከዚያ ሌላ ብረት አሠሩ። «ክንፉ ስንት ሰዓት ዞረ?»

«ስድስት። ሁሉም ቢጫ።»

«አውቅ ነበር።»

«ጋሽ ደምሴ፣ ይመለሱልኝ። ማህሌትን እያስጨነቅኳት ነው፤ ባይሆን በቀን ሥራ...»

«እዚህ የሚመጣ ሰው ዘንጉ ከተሰበረ ተሰበረ ይለኛል» አሉ። «ጾምህ ነው የሰበረው አይለኝም።»

ማሽኑን አስነሡት። እስኪያጠፉት ድረስ ቆሜ ጠበቅኩ። አላጠፉትም።

ጥር 20

አጭር። ደክሞኛል።

ገምጋሚዎቹ ሦስት ነበሩ። ፓምፑ ፊታቸው ስድስት ሰዓት ዞረ። ዜሮውን መጀመሪያ አሳየኋቸው፣ ከዚያ ሰባቱን። ሁሉም አንድ ቀለም። ትልቁ ገምጋሚ፣ የልብ ሐኪም ናቸው፣ ክንፉን እንዲፈታላቸው ጠየቁና መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከጫፍ ጫፍ ሄዱበት።

«ይህን ከውጭ ነው ያስመጣችሁት?»

«እዚሁ ነው የተሠራው። አቶ ደምሴ የሚባሉ የቶርኖ ባለሙያ ናቸው የሠሩት።»

«እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም። ልጨብጣቸው እፈልጋለሁ። የት አሉ?»

ማህሌት ወለሉን አየች። በሩ ላይ ዘነበች መወልወያዋን ይዛ ቆማለች።

«አባረርኳቸው» አልኩ።